ብዙ ነጥብ የሰበሰበው ለምን ይሸነፋል? የሜዳ ቴኒስ አቆጣጠር ከየት መጥቶ የት ደረሰ

በ2019 የለንደኑ የዊምብልደን ቴኒስ ውድድር ፍጻሜ ሮጀር ፌዴረር 218 ነጥብ ሰበሰበ፤ ኖቫክ ጆኮቪች 204። በጌም ብንቆጥረውም ፌዴረር 36፣ ጆኮቪች 32 ነው። ዋንጫውን ይዞ የወጣው ግን ጆኮቪች ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው።)

እግር ኳስ ላይ ሦስት ያገባው ቡድን ሁለት ባገባው ተሸነፈ ቢባል ስታዲየሙ ይፈርሳል። ሩጫ ላይማ ጭራሽ አይታሰብም። እኛ ያደግነው ሰዓት በሚዳኘው ስፖርት ነው፤ ኳሱ 90 ደቂቃ አለው፣ ሩጫው ደግሞ በሰከንድ ሽራፊ ይለያል። ሜዳ ቴኒስ ሰዓት የለውም። ስድስት ለባዶ የሚመራ ሰው ኳስ ወደ ኋላ እያቀበለ ጊዜ ሊገድል አይችልም። የመጨረሻዋን ነጥብ ራሱ ማግኘት አለበት፤ እስኪያገኛት ድረስ ደግሞ ተጋጣሚው አልሞተም።

አብሮኝ ቴኒስ የሚያይ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ መጠየቁ አይቀርም፦ «ቆይ፣ 15 ከየት መጣ? ከ30 በኋላስ ለምን 45 አይሆንም?» ለሁለቱም መልስ አለ፤ አንዱ ግን ከሌላው ይልቅ አስተማማኝ ነው። ከዚያ በፊት ፌዴረር እንዴት እንደተሸነፈ እንይ።

ቆጠራው ሦስት ፎቅ አለው። ታች ነጥብ አለ፣ መሀል ጌም፣ ላይ ደግሞ እንግሊዞቹ «ሴት» የሚሉት። በአማርኛ ስጽፈው «ሦስት ሴት አሸነፈ» እየሆነ ስለሚያስቸግረኝ እዚህ «ዙር» እለዋለሁ። የመጀመሪያዋ ነጥብ 15፣ ሁለተኛዋ 30፣ ሦስተኛዋ 40 ትባላለች፤ አራተኛዋ ጌሙን ትዘጋለች። ሁለቱም 40 ላይ ከደረሱ ግን ጌሙን ለመውሰድ በተከታታይ ሁለት ነጥብ ያስፈልጋል። ስድስት ጌም የደረሰ፣ በሁለት ብልጫ እስከሆነ ድረስ፣ ዙሩን ይወስዳል፤ እኩል ለእኩል ሲጣበቁ ደግሞ ታይብሬክ የሚባል ማጣሪያ በአንድ ጌም ይለያቸዋል፣ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ። በአራቱ ታላላቅ ውድድሮች (አውስትራሊያ ኦፕን፣ ፈረንሳይ ኦፕን፣ ዊምብልደንና አሜሪካ ኦፕን) ወንዶች ሦስት ዙር፣ ሴቶች ሁለት ዙር ያሸነፉ ጊዜ ግጥሚያው ያበቃል።

ቁልፉ ያለው አንዱ ፎቅ ሲዘጋ የታችኛው ሒሳብ አብሮ መቀበሩ ላይ ነው። ጌሙን በአራት ተከታታይ ነጥብ ብትወስደውም ሃያ ነጥብ ታግለህ ብትወስደውም ያው አንድ ጌም ነው። ዙሩን 6 ለ 0 ብታሸንፍም 7 ለ 6 ብታሸንፍም ያው አንድ ዙር ነው፤ ትርፉ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። አሜሪካ የምትኖሩ ይህን ከምርጫችሁ ታውቁታላችሁ፤ በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ ብዙ ድምፅ ያገኘችው ሂላሪ ክሊንተን ነበረች፣ ፕሬዚዳንት የሆነው ግን ዶናልድ ትራምፕ። ፌዴረርም ሁለተኛውን ዙር 6 ለ 1፣ አራተኛውን 6 ለ 4 ወሰደ። በነጥብ የበለጠው እዚያ ነው። ጆኮቪች ደግሞ ያሸነፋቸው ሦስት ዙሮች በሙሉ በጠባብ ክር የተንጠለጠሉ ነበሩ፦ 7 ለ 6፣ 7 ለ 6፣ 13 ለ 12።

አምስተኛው ዙር ላይ ፌዴረር 8 ለ 7 እየመራ፣ ሰርቩ፣ ማለትም ኳሷን የማስጀመሩ ተራ፣ የራሱ ሆኖ፣ 40 ለ 15 ደረሰ። አንዲት ነጥብ ብቻ ነበር የምትቀረው፤ እሷንም ለማግኘት ሁለት ዕድል ነበረው። በመጀመሪያዋ ፎርሃንዱ፣ በመዳፉ በኩል የመታት ኳስ፣ ከመስመር ወጣችበት። በሁለተኛዋ ወደ መረቡ ሲቀርብ ጆኮቪች ኳሷን በሰያፍ አሳለፋት። ከዚያ በኋላ ፌዴረር ሌላ የማሸነፊያ ነጥብ አላገኘም።

አሁን ወደ 15።

ቴኒስ ሲጀመር ራኬት አልነበረውም። በመካከለኛው ዘመን ፈረንሳይ በገዳማት ቅጥርና በከተማ ግቢዎች ውስጥ ኳስ በመዳፍ እየመቱ ይጫወቱ ነበር፤ ስሙም «ዡ ደ ፖም» ነው፣ የመዳፍ ጨዋታ እንደማለት። ገመድ የተወጠረበት ራኬት በሰፊው የመጣው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። «ቴኒስ» የሚለው ቃል መነሻ ደግሞ ኳሱን የሚያስጀምረው ሰው «ቴኔ!» ብሎ ከመጮኹ ነው ይባላል፤ በእኛ «እንኩ!» እንደማለት ነው። እንግሊዞች «እንኩ»ውን ሰምተው የጨዋታው ስም አደረጉት፣ ፈረንሳዮቹ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ዡ ደ ፖም ማለታቸውን አልተዉም። የፈረንሳዩ ንጉሥ አሥረኛው ሉዊ በ1316 ቬንሰን ላይ የሞተው ይህንኑ ጨዋታ ተጫውቶ በሙቀቱ ቀዝቃዛ መጠጥ ከጠጣ በኋላ እንደሆነ ይነገራል። በ1789ም የፈረንሳይ ሕዝብ ተወካዮች የስብሰባ አዳራሹ ሲዘጋባቸው ሕገ መንግሥት ሳናወጣ አንለያይም ብለው የማሉት ቬርሳይ በሚገኝ የዡ ደ ፖም አዳራሽ ውስጥ ነው።

ስለ 15 በብዛት የሚነገረው የሰዓት ታሪክ ነው። ነጥቡ የሚቆጠረው በሰዓት ፊት ላይ ነበር፤ አንድ ነጥብ ሩብ፣ ሁለት ነጥብ ተኩል፣ ሦስት ነጥብ ሩብ ጉዳይ፣ አራተኛዋ ክቡን ዘግታ ጌም። ለአማርኛ ጆሮ ደስ የሚል ማብራሪያ ነው፣ እኔም ለብዙ ጊዜ አምኜው ለሰው ስነግር ኖሬአለሁ። ችግሩ ዘመኑ አይገጥምም። የኦርሌዓኑ መስፍን ሻርል በ1435 በጻፈው ግጥም ውስጥ «አርባ አምስት» የሚለው የጨዋታ ቆጠራ ይገኛል። በ1522ም ስለ ጨዋታው በላቲን በተጻፈ ንግግር «30 አለን፣ 45 አለን» ይባባላሉ። የደቂቃ ቆጣሪ እጅ በሰዓቶች ላይ የተለመደው ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። የዚያ ዘመን ሰዓት የሚያሳየው ሰዓቱን ብቻ ነበር፤ ሩቡን የሚጠቁም እጅ በሌለበት ዘመን ሩብና ሩብ ጉዳይ እየጠቆሙ ነጥብ መያዝ አይሆንም።

የሚቀረው ግምት 60 ለዚያ ዘመን ሰዎች የሞላ፣ ክብ ቁጥር እንደነበር፣ ጌሙም ለአራት የተከፈለ 60 እንደሆነ ነው። ጣሊያናዊው አንቶኒዮ ስካይኖ በ1555 ስለ ኳስ ጨዋታ ሲጽፍ ይህን አቆጣጠር ለማስረዳት ብዙ ገጽ ደክሟል፤ እንግዲህ ገና ያኔ ሰዉን ግራ ያጋባ ነበር ማለት ነው። የ40 መልስ ግን ቀላል ነው። 45 ነበረ፣ ሲጠራ አጠረ። በጨዋታ መሀል «አርባ አምስት፣ አርባ አምስት» እያሉ መጮኽ ያደክማል፤ በአማርኛ ሞክሩት።

ሁለቱም 40 ሲሆኑ «ዲውስ» መባሉም ከፈረንሳይኛው «ሁለት ይቀራል» ከሚለው የወጣ ነው። ዜሮን «ላቭ» የሚሉት ለምን እንደሆነ ደግሞ አንድ የሚወደድ ተረት አለ፤ ዜሮ እንቁላል ስለሚመስል ፈረንሳዮች «ሎፍ»፣ ማለትም እንቁላል፣ ሲሉ እንግሊዞች አበላሽተው ሰሙት የሚል ነው። እኔን አላሳመነኝም፤ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ነጥብ ሲጠሩ ዜሮ ነው የሚሉት። ያለ ገንዘብ፣ ለፍቅር ብቻ ከመጫወት የመጣ ነው የሚለው የበለጠ ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ ቆጠራ ከነግድግዳው፣ ከነነገሥታቱ ሊቀር ይችል ነበር። ያተረፉት ሁለት ከቴኒስ ጋር የማይገናኙ ነገሮች ናቸው። አንደኛው በ1830 ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ የፈጠራ መብት ያወጣበት የሣር ማጨጃ መኪና ነው፤ ሁለተኛው በ1844 አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ያስመዘገበው ጎማን በድኝና በሙቀት የማጠንከሪያ ዘዴ። የድሮው ኳስ በፀጉርና በሱፍ የተጠቀጠቀ ስለነበር ሣር ላይ ቢጥሉት ቁጭ ነው የሚለው። የጎማው ኳስ ግን ነጠረ፤ ሣሩም እንደ ምንጣፍ ተስተካክሎ መታጨድ ቻለ። ስለዚህ ጨዋታው ከነገሥታቱ አዳራሽ ወጥቶ ጓሮ ገባ። ሻለቃ ዋልተር ዊንግፊልድ በ1874 መረብ፣ ራኬትና ኳስ በአንድ ሣጥን አድርጎ መሸጥ ጀመረ። ስሙን ከግሪክ ወስዶ «ስፌሪስቲኬ» አለው። ማንም በትክክል ሊጠራው ስላልቻለ ቶሎ ቀረ፤ የሣር ቴኒስ የሚለው አሸነፈ። እኛ ሜዳ ቴኒስ የምንለው ይኸው የጓሮው ዝርያ ነው፣ ከጠረጴዛው እንዲለይ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ በዊንግፊልድ ሣጥን ውስጥ 15፣ 30፣ 40 አልነበሩም። በእሱ ሕግ ጌም የሚያልቀው 15 ነጥብ ላይ ሲሆን ነጥብ ማግኘት የሚችለውም ሰርቭ የሚያደርገው ብቻ ነበር። ሜዳውም መሀሉ የጠበበ፣ ወገቡን የታሰረ ነገር ነበር። ነገሩ በዚሁ ቢቀጥል ኖሮ ዛሬ 15 ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቀኝ አይኖርም።

የተቀየረው በ1877 ነው። ለንደን ዳር ዊምብልደን ያለ አንድ የክሮኬት (ኳስ በእንጨት መዶሻ የሚመታበት የሣር ጨዋታ) ክለብ በፖኒ የሚጎተት የሣር መዳመጫው ተበላሽቶበት ማሠሪያ ገንዘብ ፈለገ፤ መግቢያ የሚያስከፍል ውድድርም አዘጋጀ። ሕጉን እንዲያረቁ የተሰየሙት ሄንሪ ጆንስ፣ ጁሊያን ማርሻልና ቻርልስ ሂዝኮት የሻለቃውን አቆጣጠር ትተው የጥንቱን የፈረንሳዮቹን መለሱ። ሜዳውንም ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን አድርገው 23.77 ሜትር በ8.23 ሜትር ለኩት። የነጠላ ጨዋታ ሜዳ ዛሬም ያው ነው፣ በሴንቲሜትር አልተነካም።

ያን ዓመት 22 ወንዶች ተመዘገቡ፤ ስፔንሰር ጎር አሸነፈ። መረቡ ዳር ዳሩ ላይ 1.52 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መሀሉ ወደ አንድ ሜትር ይረግብ ነበር። ጎር ቁመቱን ይዞ መሀሉ ላይ ቆመና ኳሷ መሬት ሳትነካ እየቀለበ መለሳት። በዓመቱ ፍራንክ ሃዶው መልሱን ይዞ መጣ፤ ኳሷን ከጎር ራስ በላይ እያሻገረ አሸነፈው። የሚገርመው ጎር ጨዋታውን ከክሪኬት ጋር ሲያስተያየው አሰልቺ ሆኖ ነው ያገኘው፤ ጥሩ ስፖርተኛ የሆነ ሰው ከልቡ አይዘውም ብሎም ጽፏል። የመጀመሪያው ሻምፒዮን ነው እንግዲህ ይህን ያለው።

መረቡ እያደር ዝቅ አለ፤ ዛሬ ዳሩ 1.07፣ መሀሉ 0.914 ሜትር ነው። መረብ ሲወርድ የሚጠቀመው ሰርቭ የሚያደርገው ነው። ጨዋታውን ለማስጀመር ያህል ትጣል የነበረችው ኳስ ዋና መሣሪያ ሆነች። ከላይ ወደ ታች እየተወረወረች ሣር ላይ ስትሾልክ ለመመለስ ያስቸግራል። ሁለት እኩል ሰርቭ የሚያውቁ ሰዎች ሲገናኙ እያንዳንዱ የራሱን ጌም ይወስዳል፤ 6 ለ 6፣ 7 ለ 7፣ 12 ለ 12 እያለ ይቀጥላል። በሁለት ብልጫ ካላሸነፍክ አታበቃም የሚለው የጥንቱ ሕግ መጨረሻ የለውም። በ1969 ዊምብልደን ላይ የ41 ዓመቱ ፓንቾ ጎንዛሌዝ ቻርሊ ፓሳሬልን ገጠመ። የመጀመሪያው ዙር ብቻ 24 ለ 22 አለቀ፣ ለፓሳሬል። ሊጨልም ሲል ጎንዛሌዝ ኳሷ አትታየኝም ብሎ ቢጮኽ ዳኞቹ አልሰሙትም፣ ሁለተኛውን ዙር 6 ለ 1 ተሸነፈ። በማግስቱ ግን ተመልሶ ሦስቱንም ወሰደ፦ 16 ለ 14፣ 6 ለ 3፣ 11 ለ 9። በመሀሉ ሰባት የመሸነፊያ ነጥብ አምልጧል። በጠቅላላው 112 ጌም፣ 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ።

ለተመልካች ተአምር ነው፤ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ግን ቅዠት። ደግሞም ዘመኑ የቴሌቪዥን እየሆነ ነበር። እስከ 1968 ድረስ ታላላቆቹ ውድድሮች በይፋ ለአማተሮች ብቻ ነበሩ፤ በዚያ ዓመት ለባለሙያዎች ተከፈቱ፣ ሽልማትም በገንዘብ ሆነ። አሜሪካዊው አርተር አሽ የ1968ቱን የአሜሪካ ኦፕን አሸንፎ፣ አማተር ስለነበር ብቻ፣ የ14,000 ዶላሩን ሽልማት የወሰደው የተሸነፈው ቶም ኦከር ነው። ይህም ሌላ የቴኒስ ሒሳብ ነው፤ ያሸነፈ ባዶ እጁን የሚሄድበት።

የዙሩን ማለቂያ ማጣት ለመፍታት የታገለው ጂሚ ቫን አለን የሚባል አሜሪካዊ የኒውፖርት ሀብታም ነው። መላው የቴኒስ ዓለም እንደ ቀልድ እያየው ለዓመታት አዳዲስ አቆጣጠሮች ሲሸጥ ኖረ። በመጨረሻ በ1970 የአሜሪካ ኦፕን አንዱን ተቀበለለት፦ 6 ለ 6 ሲሆን ዘጠኝ ነጥብ ብቻ ይጫወታሉ፣ ቀድሞ አምስት የደረሰ ዙሩን ይወስዳል። 4 ለ 4 ከሆነ ያቺ አንዲት ነጥብ ለሁለቱም የማሸነፊያ ናት። ቫን አለን ይህን «ድንገተኛ ሞት» ብሎ ሰየመው፤ በየሜዳው ወደዚያ ሲደረስ ቀይ ባንዲራ ይሰቀል ነበር። ተጫዋቾቹ በዕድል የሚወሰን ነው ብለው ጠሉት። ስለዚህ ሰባት ነጥብ የደረሰ፣ ግን በሁለት ብልጫ፣ የሚለው የዛሬው ታይብሬክ ተተካ። ሰውየው በዚህ ተናዶ «የሚንፏቀቅ ሞት» አለው። እኔ በዚህ ከተጫዋቾቹ ጋር ነኝ።

ዊምብልደን በ1971 ታይብሬክን ቢቀበልም ለመጨረሻው ዙር አልፈቀደም፤ እዚያ የድሮው ሕግ ይቀጥል አለ። የዚህ ውሳኔ ዋጋ የታየው በ2010 ነው። ጆን ኢዝነርና ኒኮላ ማኡ በ18 ቁጥር ሜዳ ላይ ማክሰኞ ጀመሩ፤ ሁለት ለሁለት ሆነው መሸባቸው። ረቡዕ አምስተኛውን ዙር ቀጠሉ። ሁለቱም ሰርቫቸውን አያስነኩም። 47 ለ 47 ላይ የውጤት ሰሌዳው ቆመ፤ ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች ከዚያ በላይ ይሄዳል ብለው አላሰቡም ነበር። 59 ለ 59 ላይ እንደገና መሸ። ሐሙስ ኢዝነር 70 ለ 68 አሸነፈ። 11 ሰዓት ከ5 ደቂቃ፣ 183 ጌም። ያ አምስተኛው ዙር ብቻውን 8 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ፈጅቷል። ነጥቡን ብትደምሩት ደግሞ ማኡ 502፣ ኢዝነር 478፤ እዚህም ብዙ የሰበሰበው ነው የተሸነፈው። ኢዝነር በማግስቱ ሌላ ግጥሚያ ነበረው። እግሩን እየጎተተ ገብቶ የመጀመሪያውን ዙር 6 ለ 0፣ ግጥሚያውንም በሦስት ዙር ተሸነፈ።

ዊምብልደን ከዚህም በኋላ ስምንት ዓመት ችላ አለ። በ2018 ግማሽ ፍጻሜ ያው ኢዝነር ከኬቨን አንደርሰን ጋር 26 ለ 24 ሲሄድ ግን በቃ ተባለ። ለ2019 አዲስ ሕግ ወጣ፦ የመጨረሻው ዙር 12 ለ 12 ሲሆን ታይብሬክ። በነጠላ የወንዶች ፍጻሜ ይህ ሕግ የመጀመሪያ ሰለባውን ያገኘው ወዲያው በዚያው ዓመት ነው፣ በፌዴረርና በጆኮቪች ግጥሚያ።

ይህ የዙር ቁጥር ነገር የሴቶቹንም ደመወዝ ነክቷል። በ1968 ዊምብልደን ለሮድ ሌቨር 2,000 ፓውንድ፣ ለቢሊ ጂን ኪንግ 750 ፓውንድ ሰጠ። አሜሪካ ኦፕን በ1973 ሽልማቱን እኩል ሲያደርግ፣ ዊምብልደን ግን እስከ 2007 ቆየ። በየጊዜው ይቀርብ ከነበረው ምክንያት አንዱ ወንዶቹ እስከ አምስት፣ ሴቶቹ እስከ ሦስት ዙር ነው የሚጫወቱት የሚል ነበር። ሴቶች አምስት አይችሉም እንዳይባል ደግሞ ከ1891 እስከ 1901 የአሜሪካ የሴቶች ሻምፒዮና ፍጻሜ እስከ አምስት ዙር ይሄድ ነበር። ያስቀሩት ሴቶቹ አልነበሩም፤ የአገሪቱን ቴኒስ የሚመራው ማኅበር ወንዶች ናቸው።

ራኬቱ ከእንጨት ወደ ብረት፣ ከብረት ወደ ግራፋይት ሄደ፤ ኳሱ ለቴሌቪዥን እንዲታይ ከነጭ ወደ ቢጫ ተቀየረ፤ መስመር ዳኞቹን በብዙ ውድድሮች ካሜራ ተካቸው፣ ዊምብልደንም በ2025 ሸኛቸው። ቆጠራው ላይ ግን እጅ ለማስገባት ሁሉም ይፈራል። ያም ሆኖ እስከ 2022 አራቱ ታላላቅ ውድድሮች የመጨረሻውን ዙር የሚዘጉት በአራት የተለያየ ሕግ ነበር፤ ያን ዓመት አንድ ላይ ሆነው 6 ለ 6 ሲደርስ አሥር ነጥብ የደረሰ በሁለት ብልጫ ያሸንፍ አሉ። ታይብሬክ ውስጥ 15ም 30ም የለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ ነው የሚቆጠረው።

በ2025 የፓሪሱ የፈረንሳይ ኦፕን ፍጻሜ ያኒክ ሲነር ሁለት ዙር ለአንድ እየመራ በአራተኛውም 5 ለ 3 ደረሰ። ሰርቩ የካርሎስ አልካራዝ ነበር፣ ነጥቡ 0 ለ 40፤ ሦስት የዋንጫ ነጥብ በተከታታይ። አልካራዝ ሦስቱንም አዳነ፣ ዙሩን ወሰደ፣ አምስተኛውም 6 ለ 6 ሆነና አሥር ነጥቡን 10 ለ 2 ጨረሰው። 5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ፈጅቷል። በጠቅላላ ነጥብ ሲነር 193፣ አልካራዝ 192።